በግምገማ ቀን የወጣች ግራ እጅ

ተማሪዎቿ «ቶሎ በሉ» ይሏታል፤ ቃሉ ከአፏ አይጠፋማ። የሰባተኛ ክፍል የሳይንስ መምህርት ናት። ሦስት ዓመት በኮንትራት ሠርታለች፤ ዓመቱ ባለቀ ቁጥር «ትምህርት ሲከፈት እንጠራሻለን» ተብላ ትሸኛለች። የዛሬው ግምገማ ካማረ ቋሚ ትሆናለች፤ ካላማረ ቦታው ለሌላ ሰው ይሰጣል። ርዕሰ መምህሩ ራሱ ፊት ለፊት ነግሯታል። ታዲያ እንዴት ብላ ትተኛ?

ስለዚህ ያቺን የመምህራን ብልሃት አወጣቻት። መምህር የሆነ ሁሉ ያውቃታል፣ ተጠቅሜባታለሁ የሚል ግን አንድም የለም። ትናንት በሩን ዘግታ፣ «ስሙኝ ልጆች» አለች። «ነገ ሱፐርቫይዘሩ ባለበት ጥያቄ ስጠይቅ ሁላችሁም እጅ ታወጣላችሁ። መልሱን የምታውቁ ቀኝ፣ የማታውቁ ግራ። ግራ ያወጣውን አልጠይቅም፣ አትፍሩ።» ልጆቹ በሳቅ ፈነዱ። እሷም አብራ ሳቀች፤ ምን ታድርግ!

ሊገመግማት የመጣው ሱፐርቫይዘር ሰላምታ እንኳ የሚከብደው ዓይነት ሰው ነው። ከኋላ፣ መስኮቱ ሥር ወንበር ተሰጠው። ከመስኮቱ ውጭ፣ እጅ ቢዘረጉ በሚነካ ርቀት፣ ዳገቱን ደግፎ የያዘ የድንጋይ ግንብ አለ። ዝናቡ ሌሊቱን ሙሉ ሲወርድ አድሮ አሁንም አላባራም። ቆርቆሮው ስለሚጮህ እሷም እየጮኸች ነው የምታስተምረው።

ትምህርቱ የአፈር መሸርሸር ነው። ጠረጴዛው ላይ ሁለት ትሪ አፈር አለ፤ አንዱ ሣር የበቀለበት፣ አንዱ ባዶ። መጀመሪያ የነፋሱ ተራ ነበር። አንዱ ተማሪ በካርቶን ሲያራግብ የባዶው ትሪ አፈር ቡን ብሎ የፊተኞቹን አስነጠሳቸው። ሱፐርቫይዘሩ ፈገግ ሊል ምንም አልቀረውም። ቀጥላ ውሃ አፈሰሰች። ሣር ባለው ላይ ውሃው ቀስ ብሎ ሰረገ፤ ባዶው ላይ ግን ቦይ ቀዶ አፈሩን ከሥር ከሥሩ እየቦረቦረ ወሰደው።

«እዚህኛው ላይ አፈሩን ማን ያዘው? ቶሎ በሉ!» አለች ሣር ያለበትን ትሪ እያሳየች።

ክፍሉ እጅ በእጅ ሆነ። ቀኝ ካወጡት አንዱን መርጣ ጠየቀች።

«የሣሩ ሥር ነው፣ ቲቸር!»

እሰይ የኔ አንበሳ! ልቧ ትንሽ ረጋ አለላት። እጆቹ ሁሉ ወረዱ፤ አንዲት እጅ ብቻ ቀረች። ጭምቷ ናት፣ መጨረሻው ወንበር ላይ መስኮቱን ተጠግታ የምትቀመጠው፣ ዓመቱን ሙሉ ድምጿ ያልተሰማው። ግራ እጇን ሰቅላለች።

«ቶሎ በሉ» እንዳላየች ሆና ሌላ ጥያቄ ጠየቀች። ሌላ ተማሪ መለሰ። እጅቷ አሁንም አልወረደችም። «ምነው ልጄ፣ አውርጃት እንጂ! በዛሬ ቀን ልታዋርጂኝ ነው?» እያለች በሆዷ ተቆጣች። ልጅቷ ብድግ አለች። መምህርቷ ጆሮ ዳባ ልበስ ብላ ወደ ሰሌዳው ዞረች፤ ጠመኔው በጣቶቿ መሃል ተሰበረ። ዞር ስትል ልጅቷ ታለቅሳለች።

ያኔ አንጀቷ አልቻለም። የመጣው ይምጣ!

«እሺ አንቺ፣ ተናገሪ።»

«መልሱን አላውቀውም፣ ቲቸር። ግን የግንቡ ሥር ባዶ ሆኗል። ውሃው አፈሩን ይዞት እየሄደ ነው።»

ሮጣ በመስኮቱ አየች። ከድንጋዮቹ ሥር ድፍርስ ውሃ ይተፋል፤ የታችኞቹ ድንጋዮች አየር ላይ ተንጠልጥለዋል። 

«ውጡ! ሁላችሁም ውጡ! ደብተር የለም፣ ቦርሳ የለም!»

«ምን ሆነሻል? ክፍለ ጊዜው እኮ አላለቀም» አለ ሱፐርቫይዘሩ።

«ጋሼ፣ በፈጠረዎት ይነሱ!» ብላ ክንዱን ይዛ ጎተተችው።

ከበሩ እንደወጡ ግንቡ ተናደ። የመጨረሻው ረድፍ በድንጋይና በጭቃ ተዋጠ፤ የሱፐርቫይዘሩ ወንበር እንኳ አይታይም። እሷ ዝናብ ላይ ቆማ ልጆቹን ቆጠረች፣ ደግማ ቆጠረች። ማንም አልጎደለም። ከዚያ ደረጃው ላይ ቁጭ አለች።

ሱፐርቫይዘሩ መነጽሩን እየጠረገ ወደ ጭምቷ ጎንበስ አለ።

«የኔ ልጅ፣ ቀደም ብለሽ ነው እንዴ ያየሽው? እጅሽን አውጥተሽ የቆየሽ መሰለኝ። መምህርትሽ ለምን አልጠየቀችሽም?»

ልጅቷ መምህርቷን አየቻት፤ ከዚያ መሬት መሬት እያየች፣ «እጄን አላወጣሁም ነበር። ጥፋቱ የኔ ነው» አለች።

ወይ ጉድ! ሕፃን ልጅ ጥፋቷን ስትሸከምላት! «ቶሎ በሉ» ፊቷ በእፍረት ነደደ።

«አውጥታለች» አለች ተነሥታ። «አይቻታለሁ፤ አውቄ ነው ያለፍኳት። የማያውቅ ግራ እጁን እንዲያወጣ ያዘዝኩት እኔ ነኝ፣ እርስዎ ፊት እንዳላፍር።»

 ሱፐርቫይዘሩ ድምጹን ዝቅ አድርጎ፣ «ይህን ሪፖርቴ ላይ ካሰፈርኩት ቋሚነቱ ቀረ ማለት ነው። ይገባሻል?» አላት።

«ይገባኛል፣ ጋሼ። ይጻፉት» አለችና ልጅቷን ወደ ራሷ ሳብ አድርጋ አቀፈቻት። «እሷ ‹ጥፋቱ የኔ ነው› ያለችውን ግን ውሸት ነው ብለው ይሰርዙልኝ።»