ዋስ ያጣው ሾፌር

በጣሊያን ጊዜ ደብረ ማርቆስ ውስጥ ዋስ ያጣ ሾፌር እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም። መኪና ሁለቴ ገልብጫለሁ፤ መንገዱን ደግሞ አርበኛ ይዞታል። ለጣሊያን ምሽግ ጨው የሚያመላልሱት ነጋዴ ሐጂ ሰይድ «ያለ ዋስ መኪናዬን አትነካትም» አሉኝ።

ዘመድ ሁሉ ሲሸሸኝ፣ አያ ካሴ የሚባሉ የማላውቃቸው የአማኑኤል ከተማ ሽማግሌ ተነሡ። በምስክር ፊት «ለዚህ ልጅ ነፍስ ዋስ እኔ ነኝ፤ አብሬውም እሄዳለሁ» ብለው አጠገቤ ተሳፈሩ።

አማኑኤል ልንደርስ ስንል መንገዱ ላይ ግንድ ተጋድሟል። ፍሬን ያዝኩ። ከዳገቱ የወረዱ ታጣቂዎች ከበቡን። አለቃቸው ጠመንጃውን ግንባሬ ላይ ደግኖ «የጣሊያን ሎሌ፣ ውረድ» አለኝ። እጄ ከመሪው ላይ አልላቀቅ አለ። ጣቱ ምላጩ ላይ ናት፤ ዓይኔን ከእሷ መንቀል አቃተኝ።

አያ ካሴ ቀስ ብለው ወረዱ።

«ተወው። ዋሱ ነኝ» አሉት።

«እሺ፣ አባዬ» ብሎ ጠመንጃውን አወረደና ጉልበታቸውን ሳመ። ለካ የወለዱት ልጃቸው ኖሯል።

ትንፋሼ ሳይመለስ ሰዎቹ ጨዉን ማውረድ ጀመሩ።

«አያ ካሴ፣ ዋሴ አይደሉም እንዴ?» አልኳቸው።

«ነኝ እንጂ። ነፍስህ ይኸው አለች። ስለ ጨው የጠየቀኝ ሰው አለ?» አሉና አንዱን ከረጢት ራሳቸው ተሸከሙ።