ማንም ያልተቀመጠበት ዊልቸር

ይሄ ነገር የደረሰብኝ ባለፈው ዓመት ክረምቱ ሊወጣ ሲል ነው። ለሰው ስነግረው ይስቃል። እኔም አብሬ እስቃለሁ፤ መሳቅ ልማዴ ነው። ብቻዬን ስሆን ግን ሳቁ ይቆምና ያ ረጅም ኮሪደር ፊቴ ላይ ይመጣል። ስለዚህ አንዴ ልጻፈውና ይውጣልኝ ብዬ ነው።

አንዋር መስጊድ አካባቢ የመጋረጃ ጨርቅ እሸጣለሁ። ዕድሜዬ ሃምሳን ዘሏል። ቦርጬ ከኔ ቀድሞ ስለሚገባ ደንበኛ መጀመሪያ እሱን ሰላም ብሎ ነው ወደኔ የሚመጣው። ለብዙ ዓመት ዕቃ የማስመጣው በሰው ነበር። አውሮፕላን የተሳፈርኩት ሰው ጡረታ በሚያስብበት ዕድሜ ነው። ያሳፈረኝም የሱቅ ጎረቤቴ ጋሽ ሸምሱ ነው።

ጋሽ ሸምሱ በልጅነቱ ጎጃም በረንዳ ጋሪ ይገፋ ነበር። ከጋሪ ሱቅ፣ ከሱቅ ጓንዡ ደረሰ። እኛ ቻይናን በካርታ ላይ ሳናውቃት እሱ ይመላለስባት ነበር፣ ሁልጊዜም በአንድ አየር መንገድ። የአየር መንገዱን የደንበኝነት ካርድ ከመታወቂያው አስበልጦ ነው የሚይዘው። ነገሩ እንዲህ ነው፤ በበረርክ ቁጥር ነጥብ ይጠራቀምልሃል፣ ነጥብህ ሲበዛ ደረጃህ ከፍ ይላል። ሌላው ዓለም በደረጃው ለስላሳ ሶፋ ላይ ተቀምጦ ጁስ ይጠጣበታል። ለመርካቶ ሰው ግን ደረጃ ማለት ኪሎ ነው። ሌላው ሻንጣው ከበደ ተብሎ መሬት ላይ ካልሲውን ሲበትን፣ አንተ እያየኸው ታልፋለህ።

በመጀመሪያው ጉዞዬ ቀበቶውን አንዴ ካሰርኩ በኋላ ለመፍታት ፈራሁ። ሲጨንቀኝ እጄን አውጥቼ ሆስተሷን ሽንት ቤት አስፈቀድኳት። ጋሽ ሸምሱ ከጎኔ ሆኖ «ፍቀጂለት እህቴ፣ ዘንድሮ ነው ትምህርት የጀመረው» አላት። ሲያልፍ ሲያገድም ይሄን ለመርካቶ ሁሉ አወራው። ግን አይተወኝም ነበር። ሰልፍ በረዘመና እኔ በተርበተበትኩ ቁጥር «ታዴ፣ እኔ ካለሁ ፕሌን አያመልጥህም» ይለኛል። አምልጦኝም አያውቅም።

ኋላ ላይ ጉልበቱን አመመው። ልጁ ሐናን ትኬት በተቆረጠ ቁጥር ዊልቸር ታስጠይቅለታለች። እሱ ታዲያ አንድም ቀን አልተቀመጠበትም። «እኔ ጋሪ ገፍቼ ነው ያደግኩት፣ አሁን ማን ነው እኔን የሚገፋኝ?» ይላል። መልሱት ደግሞ አይልም። የኔን ቦርሳና የሱን የናሙና ሻንጣ ይጭንበትና እያነከሰ በግራው በኩል ይሄዳል። እኔ በቀኝ። ገፊው ግራ ገብቶት መሀል ላይ ሻንጣ ይገፋል። ዊልቸር የያዘ ሰው ሰልፍ አይጠብቅም፣ በአጭሩ በር ነው የሚያልፈው። እንዲህ ሆነን ነበር ስንትና ስንቴ ያለፍነው።

ጋሽ ሸምሱ ክረምቱ ከመግባቱ በፊት አረፈ። ቤቱ፣ አልጋው ላይ። ለቅሶ ቤት ሰው ማሳቅ የኔ ሥራ ነው፤ ያን ጊዜ ግን አንድ ቃል አልወጣኝም። ሰዎች «ታዴ ታሞ ነው እንዴ?» እስኪሉ ድረስ። ትንሽ ሰንብቶ ሐናን ሱቅ መጥታ ካርዱን ሰጠችኝ። «አባዬ ይሄን ካርድ ካንተ ሌላ ያጋራው ሰው የለም፣ አንተ ጋ ይሁን» አለችኝ። ኪሴ ውስጥ አስገባሁት።

የጓንዡ ጉዞ ሲደርስ ታዲያ ሰዎች ሌላ አየር መንገድ አሳዩኝ። ኪሎው ይበዛል፣ ዋጋው ይቀንሳል። ችግሩ እንደ ድሮው ቀጥታ አይሄድም፣ መንገድ ላይ አውሮፕላን ትቀይራለህ። ደግሞ ሌላ አየር መንገድ ላይ ያለህን ካርድ ካሳየሃቸው በዛው ደረጃ ያስጀምሩሃል ተባልኩ።

እውነቱን ልንገራችሁ፣ ከበደኝ። መርካቶ ውስጥ ደንበኛህ እያየህ ከጎረቤቱ ገዝተህ ስታልፍ ፌስታሉን በሆድህና በጃኬትህ መሀል እንደምትደብቀው ማለት ነው። የኔ ቦርጭ ላይ ደግሞ ፌስታል አይደበቅም። የድሮው አየር መንገድ ማስታወቂያ ያለበትን ፎቅ እንኳ ቀና ብዬ ሳላይ ነው ያለፍኩት።

ትኬት የምትቆርጥልን ሰሚራ ናት። ካርድህን አምጣ አለችኝ፣ አመጣሁ። የኔ የመጨረሻው ዝቅተኛ ደረጃ ነው። አይታው መለሰችልኝ። የጋሽ ሸምሱን አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ።

«ይሄንንም ላኪው። ሰውየው ሞቷል፣ ቦታውን የያዝኩት እኔ ነኝ በያቸው።»

እኛ ጋ እንደዛ ነው። ሰው ሲሞት ደንበኞቹ ቦታው ላይ ወደሚቆመው ሰው ይመጣሉ፣ ማንም ወረቀት አይጠይቅም። ሱቁ እስከ ዛሬ የጋሽ ሸምሱ ሱቅ ነው የሚባለው። ሰሚራ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። «ጋሽ ታዴ፣ ይሄ እኮ ሱቅ አይደለም» አለችኝ። እኔ ግን አልነሳም አልኩ። ዝም ለማሰኘት ሁለቱንም ካርድ ፎቶ አንስታ ላከችላቸው። ከቀናት በኋላ መልስ መጣ፤ እኔን ተቀብለውኛል፣ ከታች ጀምሬ። ስለ ጋሽ ሸምሱ ትንፍሽ አላሉም። በዚህ ዕድሜዬ እንደገና ኬጂ ገባሁ ማለት ነው።

ብቻዬን ስበር የመጀመሪያዬ ነበር። የመጋረጃው ፋብሪካ ለበዓላቸው ሊዘጋ ነው፣ ከመዘጋቱ በፊት ደርሼ ጨርቁን አይቼ እሺ ካላልኩ ያዘዝኩት ለሌላ ሰው ይሰጣል። የጥር ሠርግ እየመጣ ነው። ሰው ልጁን ሲድር መጋረጃ ይቀይራል፣ የኛ ዓመት የሚያልፈው በዛ ነው። ዕቃው ከቀረ ጥርን ባዶ መደርደሪያ እየጠረግኩ ነው የማሳልፈው።

ከቦሌ የተነሳነው ዘግይተን ነው። በየትኛው ደቂቃ ምን እንደሚሆን አላውቅም፣ ብቻ ከጎኔ የተቀመጠው ወጣት ትኬቴን አይቶ «ፋዘር፣ ለሚቀጥለው ፕሌን መሮጥ አለብህ» አለኝ። እኔ? ለመጨረሻ ጊዜ የሮጥኩት መቼ እንደሆነ ጫማዬም አያስታውሰው። ቦርሳዬን አቅፌ የማውቃቸውን ጸሎቶች ደባለቅኳቸው። ራጉኤልን ጠርቼ ሳልጨርስ ጋሽ ሸምሱ የሚላትን «ያ ረቢ» እላለሁ። አውሮፕላኑ ቆሞ በሩ ሲከፈት ሰውን እየገፋሁ ወጣሁ።

በሩ ላይ አንድ ሽበታም ቀጭን ሠራተኛ ቆሟል። ባዶ ዊልቸር ይዟል። እጁ ላይ ስም የተጻፈበት ነገር አለ። እንግሊዝኛ ቀስ ብዬ ነው የማነበው። ቀስ ብዬ አነበብኩት። የጋሽ ሸምሱ ስም ነው፣ ከነአባቱ።

ሁለተኛ አነበብኩት።

ሰውየው እያየኝ «ሸምሱ?» አለ።

ራሴን ነቀነቅኩ። ያለችኝን እንግሊዝኛ ሁሉ አሰባስቤ «ሸምሱ ኖ» አልኩት። ሞቷል የሚለውን በእንግሊዝኛ አላውቀውም ነበር፤ ባውቀውም የምለው አይመስለኝም። ሰውየው ፊቱን ወደ አውሮፕላኑ በር መለሰና መጠበቅ ጀመረ። እኔም አብሬው ቆምኩ። መሮጥ እንዳለብኝ ረሳሁ። ሰው ወጣ፣ ወጣ፣ ሳሳ። በወጣ ቁጥር ልቤ ይዘላል። እያነከሰ የሚወጣ ሽማግሌ ባይ ምን እሆን እንደነበር አላውቅም። የመጨረሻዋ ሴትዮ ልጇን ታቅፋ ወጣች። ከዛ በኋላ ማንም አልወጣም።

ሠራተኛው ትኬቴን ተቀብሎ አየ። ሰዓቱን አየ። ዓይኑ ፈጠጠና ዊልቸሩን እያሳየኝ ተቀመጥ የሚል ምልክት ሰጠኝ። ቦርጬ ገብቶ እንደማይወጣ አውቃለሁ፣ ግን ያቆመኝ ቦርጬ አይደለም። እሱ ያልተቀመጠበትን እኔ ልቀመጥበት? ምን እንዳደረግኩ ራሴም አላስተዋልኩትም፤ እጄ በልማዱ ቦርሳዬን ወንበሩ ላይ አስቀመጠው። ሰውየው አልሳቀም። የዊልቸሩን ቀበቶ ቦርሳው ላይ አሰረ፣ ጠበቅ አደረገው፣ መግፋት ጀመረ።

ያ ኮሪደር አያልቅም። መስታወት፣ ምንጣፍ፣ መስታወት። ሰው ሁሉ በሌላ በኩል ሄዷል፣ እኛ ብቻ ነን። እኔ በቀኝ በኩል እሄዳለሁ። የዊልቸሩ አንድ ጎማ ደህና አይደለም፣ እየቆየ ይጎተታል። ሽር… ጎተት። ሽር… ጎተት። ይሄን አረማመድ አውቀዋለሁ። ወደ ግራ አላየሁም። እስክንደርስ ድረስ አንገቴን ወደዛ አላዞርኩም፤ እንኳን ለማየት፣ ለመዋጥም ፈርቼ ነበር። ደግሞ ከፍርሃቱ ሥር ሌላ ነገር ነበር፤ እንዳያልቅ ፈለግኩ።

ትልቅ ሰልፍ ያለበት ጋ ስንደርስ ትንሿ በር ተከፈተችልን። ሻንጣ አልተፈተሸም ማለቴ አይደለም፣ ተፈትሿል፣ ብቻ በአጭሩ አለፍን። የመጨረሻው በር ጋ ልጅቷ ገመዱን እየዘጋች ነበር። ዊልቸሩን ስታይ ከፈተችው።

ሠራተኛው ቀበቶውን ፈትቶ ቦርሳዬን ሰጠኝ። ጉርሻ ልሰጠው ኪሴ ስገባ እጄን ያዘኝ፣ አልቀበልም አለ። ባዶውን ወንበር አየና «ፋዘር?» አለኝ፣ ስሙ ወደተጻፈበት እየጠቆመ።

«የስ» አልኩት።

ገብቼ ከመታጠፌ በፊት ዞሬ አየሁት። ባዶ ዊልቸር የሚመልስ ሰው በአንድ እጁ እየገፋ ይከንፋል። እሱ ግን በሁለት እጁ ይዞ ቀስ እያለ ነበር የሚሄደው፣ ሰው እንደተቀመጠበት።

ፋብሪካው ሳይዘጋ ደረስኩ። ጨርቁም መጣ፣ ጥርም አለፈ። ከጓንዡ እንደተመለስኩ መጀመሪያ የሄድኩት ሰሚራ ጋ ነው። «ለምን ዊልቸር ጠየቅሽ?» አልኳት። ደነገጠች። እየቀለድኩ መስሏት ልትስቅ ጀምራ ፊቴን ስታይ ተወችው። «ጋሽ ታዴ ወላሂ፣ የላክሁት ፎቶ ብቻ ነው። ካርዱ ላይ ስምና ቁጥር እንጂ ጉልበት አልተጻፈበትም» አለችኝ። እዛው ፊቴ ወደ አየር መንገዱ ደወለች። በዛ ስም የተሳፈረ ሰው የለም፣ የተጠየቀ ዊልቸርም የለም አሏት።

ምክንያት የሚፈልግ ሰው ምክንያት አያጣም። አንዱ ካርዱን ያየ ሠራተኛ ተሳስቶ ይሆናል፣ ኮምፒዩተር ነው ይሉኛል። ይሁን። ለሐናን ስነግራት ግን ምንም አልጠየቀችም። ዓይኗ እንባ ሞልቶ አንድ ነገር ብቻ አለች።

«ተቀመጠበት?»

«አልተቀመጠም» አልኳት።

«አውቃለሁ» አለች፣ ሳቅም ልቅሶም አደረጋት።

ከዛ ወዲህ አንዴ ሄጃለሁ፣ በዛው አየር መንገድ፣ በዛው መንገድ። ሰሚራ «የምትጠይቀው ነገር አለ?» ስትለኝ የለም አልኳት። ከአውሮፕላኑ ስወርድ በሩ ላይ ማንም አልነበረም። ሰው እስኪያልቅ ግድግዳ ተደግፌ ጠበቅሁ። የአውሮፕላኑ ሠራተኞች ሻንጣቸውን እየጎተቱ ወጥተው አንዷ ዞራ እስክታየኝ ድረስ ጠበቅሁ። በዛ ምክንያት የሚቀጥለው ፕሌን ሊያመልጠኝ ነበር፤ ይሄ ሽማግሌ ቦርጫም ያለ አቅሙ ሮጦ ነው የደረሰው። ጋሽ ሸምሱ ቢያየኝ ኖሮ ለመርካቶ በሙሉ ያወራልኝ ነበር።

ካርዱ አሁንም ኪሴ ነው፣ ከኔው ካርድ ጋር። የኔ ደረጃ ከፍ አላለም። ብቻ ኤርፖርት ውስጥ ረጅም ኮሪደር ላይ ስደርስ አንድ ልማድ ይዞኛል። ቀኝ ቀኙን ነው የምሄደው። ከኋላዬ የሚቸኩል ሰው በግራዬ ሊያልፍ ሲል እንኳ ሳላስበው ክንዴን ዘርግቼ እከለክለዋለሁ።