መንገድ ላይ የተያዘው

አቃቂ በሰቃ፣ ፋጡ ሻይ ቤት ውስጥ አንድ ሞስኮ ተምረው የመጡ ሰው ሁልጊዜ በሩን ፊት ለፊት እያዩ ብቻቸውን ይቀመጣሉ። በቀትር ሐሩር እንኳ ትከሻው የሚሰፋቸውን ግራጫ ኮት አያወልቁም። የታናሽ ወንድማቸው ነው ይባላል። ወንድምየው የት እንዳለ ግን ማን ደፍሮ ይጠይቃል!

አንድ ቀን ፋጡ፣ ሞስኮ ምን እንደተማሩ ጠየቀቻቸው።

«ሰው ሠራሽ አልማዝ። ጨረር ሲያርፍበት ውስጡ ኤሌክትሪክ ይንቀሳቀሳል፤ በዚያ ጨረሩን እንለካለን። አልማዙ እንከን ካለበት ግን ኤሌክትሪኩ ሳይደርስ መንገድ ላይ ይያዛል።»

«ይያዛል» ሲሉ ጥግ የተቀመጠው አብዮት ጥበቃ ቀና ብሎ አያቸው።

ፋጡ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «የተያዘውስ፣ ጋሼ፣ አይለቀቅም?» አለች።

«አልማዙ ሲሞቅ ይለቀቃል» አሉና ኮቱን እስከ አንገታቸው ቆለፉት።