ሽማግሌ ይዤ ላቦራቶሪ የገባሁ ዕለት

ሊነጋጋ ሲል፣ ካራቫን ሰፈር

ካራቫን ከሚሉት ተንቀሳቃሽ ቤታችን ወጣን። «ወጣን» ያልኩት አጎቴ አያ ተገኘ አብረውኝ ስላሉ ነው እንጂ እኔስ ብቻዬን ልሄድ ነበር ያሰብኩት። እዚህ እስራኤል፣ ረሆቮት ከተማ ያለ የምርምር ተቋም ውስጥ ላቦራቶሪ ያላቸው አንድ ፕሮፌሰር ሊፈትኑኝ ጠርተውኛል። ያላቸው ክፍት የሥራ ቦታ አንድ ብቻ ነው። ካገኘሁት ተመራማሪ እሆናለሁ፤ ካላገኘሁት የሥራ ሳምንት በሚጀምርበት በእሁድ ጠዋት የምሠራበት የኪያር ፋብሪካ ቋሚ ሠራተኛ አድርጎ ያስፈርመኛል። አዲስ አበባ ስድስት ዓመት የኤሌክትሪክ ምሕንድስና አስተምሬአለሁ። እዚህ ከመጣሁ ወዲህ ደግሞ በጨው የተዘፈዘፈ ኪያር የያዘ ጠርሙስ ክዳኑ መጥበቅ አለመጥበቁን አያለሁ።

ዛሬ ሥራዬን ሲጠይቁኝ «ናኖኤሌክትሮኒክስ፣ ስፒንትሮኒክስ» እላለሁ፤ ጠያቂውም ቶሎ ብሎ ሌላ ወሬ ያነሳል። የዚህ ጋዜጣ አዘጋጅ ግን እንዴት እንደጀመርኩ ጻፍ ብሎ ስለጨቀጨቀኝ የዚያን ቀን ደብተሬን ፈልጌ አወጣሁ።

አያ ተገኘ የእናቴ ታላቅ ወንድም ናቸው። በሱዳን በኩል ቀድመውን የመጡ ሲሆኑ ዕብራይስጡን ብርቱካን ሲለቅሙ ተምረውታል። ከዚህ በፊት ሁለት ቦታ ተፈትኜ ሁለቱም ጋ ስወድቅ ምክንያቱን ያወቁት እሳቸው ናቸው።

«ሽማግሌ ሳትልክ!»

«አያ፣ ሥራ እኮ ነው የምጠይቀው፤ ሚስት አይደለም።»

«ታዲያ ከሚስት ይቀላል? በል ተነስ፣ ያላ!»

ነጭ ጋቢ ለብሰዋል፤ ባርኔጣ ደፍተዋል፤ ጭራቸውን ይዘዋል። ሚስቴ አስቴር ከበር ላይ ሆና ታየናለች። ሳቋን እንደያዘች ገብቶኛል።

አውቶቡስ ላይ

ወታደሮች ጠመንጃቸውን ታቅፈው ይተኛሉ። ዜና በደረሰ ቁጥር ሹፌሩ ሬዲዮውን ያስጮኸዋል፤ ዜናው ሲያልቅ ሁሉም ተመልሶ ይተኛል። በመስኮት የብርቱካን እርሻ፣ የውሃ ጋን፣ እንደገና የብርቱካን እርሻ። አያ ተገኘ ትምህርት ይሰጡኛል።

«አንተ ዝም ነው። ዓይንህ መሬት ይሁን። ከጠየቁህም ‹እኔማ ምን አውቃለሁ› ትላለህ። ሙያህን የማወራው እኔ ነኝ።»

ያደግነውም እንዲሁ ነው። ታላቅ ፊት «አውቃለሁ» ማለት ነውር ነው፤ ታላቅን «ተሳስተሃል» ማለትማ አይታሰብም። ሁለቱ ፈታኞች ግን ዝምታዬን «አያውቅም» ብለው ጻፉት። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ የጠየቁኝን ሁሉ አውቀው ነበር። ያንን ሳስብ እስካሁን ያናድደኛል።

ቂርያት ዔቅሮን

«ረሆቮት ደረስን፣ ውረድ!» አሉኝ አያ ተገኘ።

ሰሌዳው ላይ ቂርያት ዔቅሮን ተብሎ ተጽፏል። አነበብኩት። ወረድኩ።

«ሳባ፣ ረሆቮት ገና ነው!» ብሎ ጮኸ ሹፌሩ፤ አያቴ ማለቱ ነው።

«ቤሰደር፣ ቤሰደር»፣ እሺ እሺ አሉት፤ እሱም በሩን ዘግቶ ሄደ።

አንድ ሰዓት ያህል በእግራችን ሄድን። አጎቴ ዙሪያውን ሲያዩ ቆዩና «ከተማውን ወደዚያ ገፍተውታል» አሉ። እኔም «ይሆናል» አልኩ። ጫማዬ የሰንበት ጫማ ስለነበር ግራ ተረከዜን ላጠው።

ረሆቮት፣ በሩ ላይ

ዘበኛው መታወቂያችንን አየና ጭራው ላይ ሲደርስ ዓይኑ ቆመ።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ማዕረጌ ነው» አሉት።

ዘበኛው ብዙ ዓመት በውትድርና የቆየ ሰው ይመስላል። ነገሩ ገብቶት አሳለፈን።

ምድር ቤት፣ ላቦራቶሪው

በሩን የከፈቱልን ሰው ቁምጣ ለብሰዋል፤ ሰንደል ጫማ አድርገዋል። አያ ተገኘ ከኋላቸው ሌላ ሰው ፈለጉ።

«ትልቁ ሰው መቼ ይመጣሉ?» አሉኝ በአማርኛ።

«እኚሁ ናቸው አያ።»

«ቁምጣ የለበሱት?» አሉና ጋቢያቸውን አስተካክለው ቆሙ።

ከዚያ በብርቱካን ለቃሚ ዕብራይስጥ ሽምግልናቸውን ጀመሩ። የማን ልጅ እንደሆንኩ፣ እንደማልጠጣ፣ ሰው እንደማላማ፣ ሚስቴ ላይ ድምፄን ከፍ እንደማላደርግ ተናገሩ። ስለ ኤሌክትሪክ አንድም ቃል አልወጣቸውም። ፕሮፌሰሩ እርሳሳቸውን አስቀምጠው እስከ መጨረሻው አዳመጡና ወንበር ሰጧቸው።

ቀጥለው ወደኔ ዞረው በእንግሊዝኛ ያነጋግሩኝ ጀመር። ግድግዳው ላይ ሁለት ወረቀቶች ተሰቅለዋል። ከጥፍር የምታንስ የብረት ቁራጭ እጅግ በሚያቀዘቅዝ ጋን ውስጥ ትገባለች፤ ማግኔት ኃይሉን እየጨመረባት ሲሄድ ኤሌክትሪክ እንዴት እንደሚያልፍባት ብዕር እየተከተለ ይሥላል። ሁለቱም ሥዕል ላይ አንድ ጉብታ አለ።

«ይህ ጉብታ የኤሌክትሮኑ የሽክርክሪት አቅጣጫ ሲገለበጥ ነው» አሉ፤ «ግኝታችን ይህ ነው። አንተስ ምን ታያለህ?»

የወረቀቶቹ ጥግ ላይ ማግኔቱ የተነዳበት ፍጥነት ተጽፏል። በፈጠነው ላይ ጉብታው ትልቅ ነው፤ በዘገየው ላይ ትንሽ። የኤሌክትሮን ነገር ቢሆን ኖሮ ፍጥነቱ ባልቀየረው ነበር። ማግኔቱ ሲጣደፍ ቁራጯ ትሞቃለች፤ ጉብታውም ሙቀት ነው። ይህን ሁሉ አየሁ።

«እኔማ ምን አውቃለሁ፤ እርስዎ ያሉት ነው» አልኩና ወለሉን አየሁ። ደህና ወለል ነው።

ፕሮፌሰሩ ፋይሌን ዘጉት። ሰዓታቸውን አዩ። «ስለመጣህ አመሰግናለሁ» አሉ። የኪያሩ ጨው አፌ ውስጥ የገባ መሰለኝ።

«ምን ሆንክ? ፊትህ ጠቆረ» አሉኝ አያ ተገኘ።

«ተሳስተዋል አያ» አልኩ በአማርኛ፣ በሹክሹክታ።

«ማን?»

«እሳቸው። አገኘሁ ያሉት ኤሌክትሮን አይደለም፤ ሙቀት ነው።»

«እርግጠኛ ነህ?»

«እንደ ስሜ።»

«ታዲያ አትነግራቸውም?»

«እንዴት አድርጌ? ታላቄ ናቸው እኮ!»

አያ ተገኘ ትንሽ አሰቡና ወደ ፕሮፌሰሩ ዞረው ዕድሜያቸውን ጠየቁ። ሰውየው ግራ ቢገባቸውም «ሃምሳ ሁለት» አሉ።

«እኔ እበልጣለሁ» አሉኝ አያ ተገኘ፤ «እንግዲያውስ የኔ ፋንታ ነው።» ከዚያ በዕብራይስጥ ቀጠሉ። «ይሄ ልጅ ተሳስተሃል ይልሃል። ኤሌክትሮን አይደለም፣ ሙቀት ነው ይላል።»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። አያ ተገኘ ሊቀጥሉ ሲሉ ፕሮፌሰሩ እጃቸውን አነሱ።

«ይቅርታ አባት፤ ከእሱ ነው የምሰማው።»

አጎቴን አየኋቸው። «ፈቅጄልሃለሁ፣ ተናገር» አሉኝ።

ተናገርኩ። ቀና ብዬ ዓይን ዓይናቸውን እያየሁ «ተሳስተዋል» አልኩ፤ «ፍጥነቱን በግማሽ ይቀንሱት። ጉብታው ካላነሰ እኔ ወደ ፋብሪካዬ እመለሳለሁ።»

አንድ ሰዓት ጠበቅን። ብዕሩ ቀስ እያለ ሄደ፤ ጉብታው ጋ ሲደርስ ከፍ የማለት ያህል አለና ተኛ። ፕሮፌሰሩ ሁለቱን ወረቀቶች ከግድግዳ አወረዷቸው።

«ሦስት ወር ሙሉ አራት ተማሪዎች አይተውታል፤ አንድም የተናገረ የለም» አሉ። «ለምን ዝም አልክ?»

«ነውር ስለሆነ።»

«እኔ ሰው የምፈልገው ለዚሁ ነውር ነው። እሁድ ጠዋት ና።» በሩ ጋ ስንደርስ ጨመሩ፤ «ብቻህን።»

አያ ተገኘ ቅር አላላቸውም። ጥያቄው ከተመለሰ በኋላ ሽማግሌ ምን ይሠራል?

ከሰዓት በኋላ፣ ካራቫን ሰፈር

አስቴር ከበሩ አልተነሳችም። ጋቢውንም ጭራውንም አላየችም፤ የኔን ፊት ብቻ ነው ያየችው።

«እህሳ? ምን አሉህ?»

አያ ተገኘ እንድናገር ዞር ብለው ጠበቁኝ። ልናገር አፌን ስከፍት እንባዬ ቀደመኝ። በዚያ ቀን ከሆነው ሁሉ ዛሬም የማፍርበት ይሄ ብቻ ነው።

«ባልሽ ዛሬ አፉን ፈታ» አሏት፤ «ሠላሳ አራት ዓመቱ ነው፤ ትንሽ ዘግይቷል።»