የኔታ ጃዝ ሲሰሙ

በሕይወቴ ብዙ ጭብጨባ ሰምቻለሁ። ጉራ አይደለም፤ ዕድሜውን በጥሩምባ የፈጀ ሰው ጭብጨባ ካልሰማ ምን ሊሰማ ነው? ዛሬ ጥርሴ ረግፎ ጥሩምባዬም አልጋ ሥር ገብቷል። ከዚያ ሁሉ ጭብጨባ ግን ሌት ተቀን የሚመላለስብኝ የአንድ ሰው ዝምታ ነው። እኒያ ሰው አባቴ ናቸው።

በንጉሡ ዘመን መጨረሻ ላይ የዩኒቨርሲቲ ሦስተኛ ዓመት የሕግ ተማሪ ነበርኩ። ዩኒቨርሲቲው ሁለት የተማሪዎች የጃዝ ባንዶች ነበሩት፤ ትልቁ አሥራ አራት ሰው፣ ትንሹ አምስት። እኔ በትልቁ ውስጥ ጥሩምባ እነፋለሁ። በዚያ ዓመት የጥር እረፍት ሲደርስ፣ ዐቢይ ጾም ሳይገባብን ወደ ክፍለ ሀገር ወጥተን ሙዚቃ እናሰማ ተባለ። ፒያኖ ተጫዋቹ መሪያችን «የት እንሂድ?» ብሎ ሲጠይቅ፣ ምን እንደነካኝ እንጃ፣ እጄን አውጥቼ «ደብረ ማርቆስ» አልኩ፤ የትውልድ አገሬን። አይ ሞኝነት! እቤት ውስጥ ጥሩምባ እንደምነፋ የሚያውቅ አንድ ሰው አልነበረም።

አባቴ የቅኔ መምህር ነበሩ። በልጅነቴ እሳቸው ዘንድ ቅኔ ስለተማርኩ እንደ ተማሪዎቻቸው የኔታ እላቸዋለሁ እንጂ አባባ ብያቸው አላውቅም። ቅኔውን በሦስተኛ ዓመቱ ጥዬ አስኳላ ስገባ አንድ ክፉ ቃል አልተናገሩኝም። ዝም ብቻ አሉ። የኔታ ዝም ሲሉ ደግሞ ከቁጣቸው ይብሳል።

የግቢያችን ሥርዓት እንዲህ ነበር። ተማሪው ከሰዓት በኋላ በየዛፉ ሥር ተበታትኖ የዕለቱን ቅኔ በልቡ ያበጃል። ፀሐይ ሳትጠልቅ መጥቶ ለየኔታ ይነግራል። ካማራቸው መቋሚያቸውን መሬት ላይ መታ አድርገው «ይበል!» ይላሉ። ከተበላሸ ያርሙታል፣ አንዳንዴም ይስቁበታል። የትናንቱን ዛሬ መልሶ ያመጣ፣ ወይም የሌላ ሰው ቅኔ የነገራቸው እንደሆነ ግን እርማትም ሳቅም የለም። ዓይናቸውን መሬት ላይ ተክለው «ሌላ ሰው ይምጣ» ይላሉ። ቅኔ ለዕለቱ ነው፤ ለነገው ሌላ ይበጃል። ሦስት ዓመት ሙሉ እፊታቸው ስቆም አንዲት ቀን እንኳ «ይበል» ብለውኝ አያውቁም። ይህ ነገር አድጌም፣ ከተሜ ሆኜም፣ ከረባት አስሬም አልለቀቀኝም።

በአውቶቡስ አባይን ወርደን ወጣን። አብረውን ሁለት እንግዶች ነበሩ፤ አንደኛው ፒያኖ የሚጫወት የውጭ አገር አስተማሪ፣ ሁለተኛው ከአንድ የጦር ሠራዊት ባንድ በጡረታ የወጡ ሽማግሌ ሳክስፎን ነፊ። ደጀን ላይ መኪናው ውሃ እስኪሞላ ሽማግሌው ወርደው የተቆላ ሽምብራ ገዙ። መሪያችን የዝግጅቱን ዝርዝር ወረቀት ይዞ «ጋሼ፣ ተራዎ ሲደርስ የሚነፉትን ቢነግሩኝ» ሲላቸው፣ ሽምብራቸውን እየቆረጠሙ «እዚያው ስደርስ እኔም አየዋለሁ» አሉት። ሰውዬው ሰነፍ ናቸው ብዬ አማሁ። እኔ የራሴን ሶሎ፣ ብቻዬን የምነፋውን፣ ከአንድ የውጭ የሙዚቃ ሸክላ ላይ ስምንት ወር ሙሉ ለቅሜ፣ እያንዳንዷን ትንፋሽ በቃሌ ይዤ ነበር የመጣሁት።

ጓደኞቼ ትምህርት ቤት ሲያድሩ እኔ እቤቴ አደርኩ። ጥሩምባዬን በብርድ ልብስ ጠቅልዬ አስገባሁት። ኮንሰርቱ ሁለት ቀን ነበር፤ ቅዳሜና እሁድ፣ የማታ መብራት ስለማይታመን በዘጠኝ ሰዓት። ቅዳሜ ማለዳ ከንፈሬን ላሟሽ ብዬ ከጓሮ ባሕር ዛፉ ሥር ገባሁ። ድምፁ እንዳይሰማ የጥሩምባው አፍ ውስጥ ካልሲ ወትፌበታለሁ። የማርቆስ የጥር ብርድ መቼም የታወቀ ነው፤ ጣቴ ደንዝዞ አልታዘዝ ሲለኝ፣ ድምፁም ታፍኖ አልለይ ሲል፣ አንዴ ብቻ ብዬ ካልሲውን አወጣሁና ሶሎዬን ከጫፍ እስከ ጫፍ ነፋሁት።

በእኛ ሰፈር ማለዳ ጥሩምባ የሚነፋ አንድ ሰው ብቻ ነው፤ የእድሩ ለፋፊ። የሚነፋውም ሰው ሲሞት ነው። ይህን የማላውቅ ሆኜ ነው? አዲስ አበባ አዙሮብኝ ነው እንጂ!

መጀመሪያ የጎረቤታችን ሴትዮ ድምፅ ተሰማ። ነጠላቸውን ለለቅሶ አዘቅዝቀው «ማንን ነው? ኧረ ማንን ነው?» እያሉ አጥራችንን ዞረው ገቡ። ከኋላቸው ሌሎች ሴቶች፣ ከሴቶቹ ኋላ ሙስሊሙ ባለሱቅ ጎረቤታችን ሱቁን ዘግቶ፣ ፊቱ ገርጥቶ መጣ። እናቴ ከቤት ስትወጣ ግቢው በሰው ተሞልቶ አየችና ምንም ሳትጠይቅ ደረቷን ይዛ አብራቸው ማልቀስ ጀመረች። ወይ ጉድ! እኔ የሚያብለጨልጭ ጥሩምባ ይዤ ከባሕር ዛፍ መሀል ብቅ አልኩ።

«የሞተ ሰው የለም» አልኩ።

ሴትዮዋ ዕንባቸውን በነጠላቸው ጫፍ እየጠረጉ «የሞተ ከሌለ ምን ሆነህ ትነፋለህ? ልቤን እኮ አፈረስከው! ሰው ገድለህ ልታርፍ ነው?» አሉኝ። ባለሱቁ ሳቁን መቆጣጠር አቅቶት ጀርባውን ሰጠን።

በዚህ መሀል የኔታ ወጡ። ሰዉን አዩ፣ ጥሩምባውን አዩ፣ እኔን አዩ።

«ያንተ ነው?»

«የዩኒቨርሲቲው ነው፣ የኔታ።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ሁለት ዓመት ሆነኝ።»

መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ደስታዬ ነበር። የኔታ መደቡ ላይ ተቀመጡና አገጫቸውን መቋሚያቸው ላይ አስደገፉ። «ንፋው እስቲ። ሰው እንደሆን ተሰብስቧል» አሉ። ያንኑ ሶሎ ነፋሁ። ዓይናቸውን ጨፍነው እስከ መጨረሻው ሰሙኝ። ከዚያ «ደህና» ብለው ወደ ቤተ ክርስቲያን ሄዱ። ደህና! ጥሩምባውን ጣለው ቢሉኝ ይሻለኝ ነበር።

በዘጠኝ ሰዓት የትምህርት ቤቱ አዳራሽ ጢም ብሎ ሞላ። አግዳሚው ከየክፍሉ ተሰብስቦ፣ መጋረጃው ከአልጋ ልብስ ተሰፍቶ ነበር። የአውራጃው ሹማምንት ፊት ወንበር ላይ ተደርድረዋል፤ ከኋላ የሰፈሩ ሰው፣ ባለሱቁ ከነልጆቹ፣ የትምህርት ቤቱ ተማሪ፣ ግድግዳ ተደግፈው ደግሞ የየኔታ ቅኔ ተማሪዎች። የኔታ ራሳቸው ነጭ ጥምጥማቸውን አሳምረው፣ ጋቢያቸውን ደርበው ፊት ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። መጥተዋል! ዛሬ «ይበል» ይሉኛል አልኩ በልቤ።

ትንሹ ባንድ ጀመረ። ሕዝቡ መቼ እንደሚጨበጨብ ስለማያውቅ ማይክራፎን ሲሞከርም አጨበጨበ። የውጭ አገሩ አስተማሪ ፒያኖውን ሲጫወት ሹማምንቱ በጨዋ ደንብ ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ ሽማግሌው ሳክስፎን ነፊ ተነሡ። ቀስ ብለው ጀመሩ፤ አንዲት ድምፅ ይዘው ወዲያ ወዲህ ሲያገላብጧት ቆዩና፣ ማንም ባልጠበቀው በኩል አወጧት። ያን ጊዜ ከፊት ወንበር መቋሚያ ወለሉን ሲመታ ተሰማ።

«ይበል!»

አዳራሹ ሁሉ ዞረ። አንድ መምህር «እሽሽ!» ለማለት ጣቱን አነሣና ማን እንደሆኑ ሲያይ ጣቱን መለሰ። ሽማግሌው ሳክስፎኑን ካፋቸው ሳያወጡ በዓይናቸው እጅ ነሡ፤ ቀጥሎ ያመጡት ከፊተኛው በለጠ። «ይበል! ይበል!» አሉ የኔታ። የቅኔ ተማሪዎቹ ከግድግዳው ሥር ተቀበሏቸው፣ ሕዝቡም ነገሩ ገባውና አዳራሹ በይበል ተናወጠ። እንዲህ ያለ የጃዝ ኮንሰርት ዓለም ላይ የት ነበር? ያ ቀን ዛሬ ላይ ሆኜ ይናፍቀኛል፤ እንባዬ እስኪመጣ ይናፍቀኛል።

የኔ ተራ ደረሰ። ሶሎዬን እንደ ውሃ አወረድኩት፤ አንዲት ድምፅ አልሳትኩም። ጭብጨባውና ፉጨቱ ጣሪያውን ሊነቅለው ደረሰ። እኔ ግን ጆሮዬ ፊት ወንበር ላይ ነበር። የኔታ ዓይናቸውን መሬት ላይ ተክለው መቋሚያቸውን በሁለት እጃቸው ይዘዋል። ያቺን አቀማመጥ አውቃታለሁ።

ወደ ቤት አብረን ስንሄድ አላስቻለኝም።

«የኔታ፣ አልወደዱትም?»

«ማለፊያ ነው። ጠዋት የሰማሁት ነው።»

«አዎ፣ እሱው ነው።»

«ለመሆኑ የማን ነው?»

«የአንድ ፈረንጅ። ከሸክላ ላይ ነው ያጠናሁት።»

ትንሽ ሄዱና «እኒያ ሽማግሌ ሲጀምሩ የት እንደሚያርፉ አያውቁም ነበር፤ ዓይናቸው ያስታውቃል። አንተ ግን ገና ሳትነሣ መድረሻህን ታውቀው ነበር» አሉ።

እውነቱን ነገሩኝ፤ እኔ ግን ነደድኩ። ስምንት ወር የለፋሁበትን! «የኔታ፣ እርስዎ ስለ ጃዝ ምን ያውቃሉ?» አልኳቸው። እሳቸውን! መንገድ ላይ! ዛሬም ስጽፈው ፊቴ ይቃጠላል። የኔታ መቋሚያቸውን እየተደገፉ መንገዳቸውን ቀጠሉ። እርምጃቸውን እንኳ አላፈጠኑም።

እሁድ ጠዋት ሽማግሌውን ትምህርት ቤቱ ግቢ ፀሐይ ሲሞቁ አገኘኋቸውና ሁሉን ነገርኳቸው። ሳቅ አሉ። «እኔ ብሆን ይህን አልነግርህም። ካጨበጨቡለት ምን ቸገረኝ ብዬ አልፍሃለሁ። አባትህ ግን ጨከኑልህ» አሉኝ።

«ዛሬ እንግዲህ ምን ልንፋ?»

«እኔ ምን አውቄ!» አሉና ፊታቸውን ወደ ፀሐይ መለሱ።

በዘጠኝ ሰዓት መጋረጃው ሲከፈት መጀመሪያ ያየሁት የየኔታን ወንበር ነው። ባዶ ነበር። ትንሹ ባንድ ተጫውቶ ወረደ፣ ባዶ ነው። ሽማግሌው ነፉ፣ ባዶ ነው። በገዛ ምላሴ አስቀየምኳቸው፣ ከእንግዲህ አይመጡም አልኩ። የኔ ተራ ሲደርስ ተነሥቼ ያንኑ የሸክላ ሶሎ ጀመርኩ። ከንፈሬ መንገዱን ያውቀዋል፣ ብቻውን ይሄዳል። ዓይኔ ግን ወንበሩ ላይ አረፈና አፈርኩ፤ በቃ፣ በራሴ አፈርኩ። መሀል ላይ አቆምኩ።

ከበሮ መቺው ዓይኑ ፈጠጠ። መሪያችን ከፒያኖው ሥር «ግባ! ግባ እንጂ!» ይለኛል። ሕዝቡ የጠፋብኝ መሰለው። ከዚያ ነፋሁ። ምን እንደነፋሁ ብትጠይቁኝ አላውቅም። ጎረቤታችን «ማንን ነው?» ሲሉ የተሰማኝ ድንጋጤ ነበረበት፣ ከሰዓት በኋላ በየዛፉ ሥር የሚያጉተመትሙት ተማሪዎች ነበሩበት፣ ለየኔታ የመለስኩት ክፉ ቃልም ነበረበት። አንድ ድምፅ ተሰነጠቀብኝ። ማለቅ ካለብኝ ቦታ ቀድሜ ትንፋሽ አጠረኝ፤ ሽማግሌው በሳክስፎናቸው ከጣልኩበት አንሥተው ባይጨርሱልኝ ተዋርጄ ነበር። ጭብጨባው ስስ ነበር። ወንበሩ አሁንም ባዶ ነው።

እቤት ስገባ የኔታ እራት በልተው ዳዊታቸውን ይዘው ተቀምጠዋል። ወንድ ሆኜ ይቅርታ መጠየቅ አቃተኝ። እናቴን ጠጋ ብዬ «የኔታ ዛሬ የት ዋሉ?» አልኳት። «እኔ ምን አውቃለሁ፣ ከቅዳሴ እንደወጡ ቀሩ» አለችኝ።

ሰኞ ማለዳ አውቶቡሱ ሊነሣ ሲል ሻንጣዬንና ጥሩምባዬን ይዤ ወጣሁ። የኔታ ግቢው ውስጥ ቆመው ይጠብቁኛል። ጉልበታቸውን ስሜ ቀና ስል ዕንባዬ ቀደመኝ።

«የኔታ፣ ቅዳሜ የተናገርኩትን…»

«እሱንም አትድገመው» አሉ።

ከዚያ መደቡ ላይ ተቀመጡ። «ትናንት የነፋኸውን እስቲ ንፋልኝ።»

ክው አልኩ። «ነበሩ እንዴ? ወንበርዎ ባዶ ነበር እኮ!»

«በሩ ላይ ቆሜ ነበር። ወንበሩ ላይ ብቀመጥ እኔን እኔን እያየህ ትነፋለህ። ንፋው እንጂ፣ መኪናው ይሄድብሃል።»

ጥሩምባውን ከማኅደሩ አወጣሁ። ጎረቤታችን በአጥሩ ላይ አንገታቸውን ብቅ አድርገው «ልትነፋ ነው? ነጠላዬን ላዘቅዝቅ ወይስ ልተወው?» አሉ። ጥሩምባውን ከንፈሬ ላይ አደረግኩ። መጀመሪያውን ፈለግኩት፣ የለም። መሀሉን ፈለግኩት፣ የለም። ያቺን የተሰነጠቀችውን ድምፅ እንኳ ፈለግኳት። የሸክላው ሶሎ እንደሆነ ከነትንፋሹ ተደርድሮ ይጠብቀኛል፤ የራሴው ግን የለም። ያ ከልጅነቴ ጀምሮ ስጠብቀው የኖርኩት ነገር በመጨረሻ እዚሁ ግቢ፣ እዚሁ መደብ ፊት አመለጠኝ ብዬ ጥሩምባውን አወረድኩ።

«የኔታ፣ አልመጣልኝም። ጠፋኝ።»

«ምኑም?»

«ምኑም።»

የኔታ ቀና ብለው አዩኝ። መቋሚያቸውን አነሡና መሬቱን መታ አደረጉት።

«ይበል» አሉ።