ከግድግዳው ወዲያ የነበሩት እትዬ

ያሰሩኝ ክፍል ውስጥ ጥላ አልነበረም። ስገባ መጀመሪያ ያስተዋልኩት ይህንን ነው። መብራቱ ከየት እንደሚመጣ አይታወቅም። እጄን ወደ ግድግዳው አስጠግቼ አየሁ፤ ግድግዳው ላይ ምንም አልወደቀም። የሲሚንቶ መደብ፣ ወለሉ መሃል የውኃ መውረጃ ቀዳዳ፣ ከጣሪያው ሥር የአየር ማስገቢያ። ሌላ ነገር የለም።

የያዙን ረፋዱ ላይ፣ እዚሁ ካናዳ፣ ካልጋሪ ከተማ፣ አንድ ትንሽ ክሊኒክ ውስጥ ነው። ጾታቸውን የለወጡ ሰዎችና እንደ እኔ ወንድም ሴትም ለማለት በሚያስቸግር ገላ የተወለዱ ሰዎች የሚታከሙበት ነበር። ሊዘጋ ነው ተባለ። ዘጠኝ ሆነን መጠበቂያው ክፍል ተቀመጥንና አንነሳም አልን። ፖሊሶቹ ሁለት ጊዜ በትሕትና ለመኑን። በሦስተኛው አነሱን።

እኔ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ሹፌር ነኝ፤ የምኖረው ራንድል ሰፈር ነው። ሕፃን ሳለሁ ሐኪሞች ማንም ልጅ በማይጠየቅበት ዕድሜ ቀደው "አስተካክለውኛል"። አብሮኝ የተወለደ ሕመምም አለ፤ ሰውነቴ የሚያስፈልገውን ሆርሞን አያመነጭም። በቀን ሦስት ጊዜ ክኒን እወስዳለሁ። ካልወሰድኩ እወድቃለሁ፤ ከቆየም ይገድላል። ክኒኑ ከቦርሳዬ ጋር ተወሰደ። ነገርኳቸው። ነርሷ ስትመጣ ትነግሪያታለሽ አሉኝ።

የምሳ ክኒኔ ሰዓት ካለፈ በኋላ ይመስለኛል፣ ከአየር ማስገቢያው ድምፅ መጣ።

"አለሽ?"

ወፍራም ድምፅ ነው፤ ከቅርብም ከሩቅም አይመስልም። የታሰርኩት በሴቶች ወገን ስለሆነ የእጄ ፀጉር ቆመ።

"እኔ ነኝ፤ አትደንግጪ።"

እትዬ ነበሩ። አብረውን ተቀምጠው አብረውን ተይዘዋል፤ ግን ከግድግዳው ወዲያ፣ ወንዶቹ ወገን አስገብተዋቸዋል። ስድሳ አራት ዓመታቸው ነው። ዕድሜያቸውን ሙሉ ታክሲ ነድተዋል፤ ሐበሻው ሁሉ "ጋሼ" ሲላቸው ኖሮ፣ በስተርጅና ሴት ነኝ ብለው ተናገሩ። ብዙ ሰው ሰላምታ ነሳቸው። እኔ ራሴ ለወራት "አንቱ" ከሚለው ቃል ሥር ተደብቄ ነበር፤ አንቱ ወንድ ሴት አይልም። አንድ ቀን "እትዬ" ብዬ ጠራኋቸው። ሻዬን ሞልተው ቀዱልኝ።

ክኒኑ እንዳልተሰጠኝ ነገርኳቸው። ከዚያ በኋላ በየጥቂት ጊዜው ምን እንደሚታየኝ ይጠይቁኝ ጀመር። ግድግዳው ሲተነፍስ ይታየኛል አልኳቸው። ቀልድ አልነበረም። ቀስ ብሎ ያብጣል፤ ቀስ ብሎ ይመለሳል። ላቤ ቀዝቃዛ ነው። መደቡ ላይ ተኝቼ ሳለሁ ከውኃ መውረጃው ቀዳዳ ሰው በስሜ ጠራኝ። የራሴ ድምፅ ነበር።

"እትዬ፣ ከታች እየጠራችኝ ነው።"

ድምፃቸው ወደ አየር ማስገቢያው ቀረበ።

"እንዳትመልሺላት" አሉኝ።

ከዚያ በራቸውን መምታት ጀመሩ። አይጮሁም፤ አይሳደቡም። በጡጫቸው፣ ሳይቸኩሉ፣ አንድ በአንድ። ድምፁ ሳይቋረጥ ምን ያህል እንደቆየ አላውቅም። ቀዳዳው ስሜን እየጠራ፣ በሩ እየተመታ፣ እኔ በሩን ብቻ ለመስማት ስታገል ቆየሁ።

የመጣው ዘበኛ ሐበሻ ነው፤ ሠላሳ ዓመት ቢሆነው ነው። ፊቴን ሲያይ ነርሷን ሊጠራ ሮጠ። ነርሷ መርፌ ወጋችኝ፤ ክኒኔንም ሰጠችኝ። እየቆየ ግድግዳው ቆመ።

ማምሻውን መለቀቃችን ተነገረን። ዘበኛው እኔን ኮሪደሩ ላይ አቁሞ የእትዬን በር መስኮት ከፈተ።

"ጋሼ፣ ይምጡ፤ ጨርሰዋል።"

መልስ የለም። በያዘው ወረቀት ላይ ባለው የቀድሞ ስማቸው ጠራቸው። አሁንም አልመለሱም። የዘበኛው ፊት ተለወጠ። የሞቱ መሰለኝ። ተጠግቼ አየሁ። መደቡ ላይ ቀጥ ብለው ተቀምጠው ግድግዳውን ያያሉ፤ ሻሻቸውን አስተካክለው አስረዋል። የጣቶቻቸው አንጓ አብጧል።

"እንደዚያ ከጠራሃቸው አይመልሱም" አልኩት።

"ወረቀቱ ላይ ያለው እሱ ነው።"

"ወረቀቱ አማርኛ አያውቅም። አንተ ታውቃለህ።"

አንቺ ጨርሰሻል፣ መሄድ ትችያለሽ አለኝ። ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ። እንደ ክሊኒኩ ጊዜ አልነሳም አልኩት። ወደ ካሜራው ቀና ብሎ አየ። ከዚያ ወደ መስኮቱ ጎንበስ አለና፣ ሰው እንዳይሰማው ያህል ዝቅ አድርጎ፣

"እትዬ" አለ።

"አቤት ልጄ" አሉ። ተነሱ።

ክሱ ተነሳልን። ክሊኒኩ ግን ተዘጋ። አሁን ሐኪም ለማየት ኤድመንተን ድረስ ሦስት ሰዓት እንነዳለን። ታዲያ ምን አተረፋችሁ የሚሉኝ አሉ።

ባለፈው ወር ሲቲስኬፕ የሚባል ሰፈር የምትኖር፣ እዚሁ ተወልዳ ያደገች ሐበሻ እናት እንደ እኔ የተወለደ ሕፃን ታቅፋ እትዬ ቤት መጣች። ሐኪሞቹ ልጁን ቶሎ እንቅደድ ብለዋታል። እትዬ ወደ እኔ አዩ። በእኔ ላይ የተደረገውን፣ ከዚያ በኋላም የኖርኩትን፣ አንድም ሳላስቀር ነገርኳት። ሳታቋርጠኝ ሰማች። ከሳምንት በኋላ ደወለችልኝ።

"የኦፕሬሽኑን ፎርም ሳይን አላደረግኩም" አለች። "ሲያድግ ራሱ ይወስን። ወይ ስታድግ ራሷ ትወስን። አይ ዶንት ኖው፣ እስከዚያ እንጠብቃለን።"

አውቶቡሱን ዳር ላይ አቆምኩ። ልጆቹን አውርጄ ስለነበር ባዶ ነበር። እንባዬ እስኪቆም ድረስ መሪውን ይዤ ተቀመጥኩ።