ከጸሎቱ ቀጥሎ የመጣው ቪዲዮ

ልጄን በአንድ እጄ አቅፌ ነበር የማጠባት። በሌላው ስልክ እይዛለሁ። ባለቤቴ አሌክሳንድራ የሚባል ሰፈር ያለውን ሱቃችንን ሊከፍት ማልዶ ይወጣል፤ እኔና ልጄ በተከራየናት አንዲት ክፍል እንቀራለን። ጆሃንስበርግ ውስጥ ዘመድ የለኝም። ያለኝ የሴቶች የጽዋ ማኅበራችን ነው፤ እሱም በአካል የሚገናኘው በወር አንዴ ነው፣ በተረፈ በስልክ ነን።

ጠዋት ጠዋት አበልጄ የዕለቱን ቅዱስ ሥዕል ለማኅበሩ ትልካለች። ልጄን ክርስትና ያነሣችልኝ እሷ ናት። ሥዕሉን ተሳልሜ ጸሎቴን አደርሳለሁ። አንድ ቀን ከሥዕሉ ቀጥላ ቪዲዮ ላከች። አንድ ሰው በስመ አብ ብሎ ይጀምርና፣ የሕፃናት ክትባት ልጆችን እንደሚያደነዝዝ በለሰለሰ ድምፅ ይናገራል። ነጠላዬን ሳላወርድ ሰማሁት። ከጸሎት ጋር ስለመጣ እንደ ጸሎት ተቀበልኩት።

ከዚያ በኋላ ስልኩ ራሱ ሌላ ያመጣልኝ ጀመር። አንዱ ሲያልቅ ሌላው ይቀጥላል። ልጄ ስታስነጥስ እደነግጣለሁ። እንቅልፏ ሲረዝም ጣቴን ከአፍንጫዋ ሥር አደርጋለሁ። ጠርቻት ቶሎ ካልዞረች ደጋግሜ እጠራታለሁ። የኩፍኝ ክትባቷ ቀን ደረሰ፤ አልሄድኩም። ለሚቀጥለው ሳምንት አልኩ፤ ደግሞ ለሚቀጥለው።

"ስልኩን አስቀምጪና ልጅቷን እያት" አለኝ ባለቤቴ። "ምን ሆነች? እየሳቀችልሽ ነው እኮ።"

እውነቱን ነበር።

ከዚያ ኩፍኝ ግቢያችን ገባ። የጎረቤታችን ሕፃን ዓይኑ ቀልቶ፣ ሰውነቱ ሽፍ ብሎ ሆስፒታል ተኛ። ከመሄዱ በፊት ሳሉ በግድግዳው በኩል ይሰማኝ ነበር። መርፌውን ፈራሁ፤ አለመወጋቷንም ፈራሁ። ለጸሎት ቆሜ የምለው ጠፋኝ። አበልጄ ጋ ደወልኩ።

"ያ የላክሽው ቪዲዮ እንቅልፍ ነሣኝ።"

"የቱ ቪዲዮ?"

"የክትባቱ ነዋ!"

"አበልጄ፣ እኔ እኮ አላየሁትም። በስመ አብ ሲል ስብከት መስሎኝ አስተላለፍኩት።"

"የአንቺን ልጆችስ አስከትበሻል?"

"ሁሉንም! ትልቁ በእንግሊዝኛ ሲከራከረኝ ብትሰሚው! ትንሽ ቢደነዝዝልኝ ባረፍኩ ነበር።"

ሳላስበው ሳቅኩ። ከሳቅኩ ቆይቼ ነበር።

"ክሊኒክ እወስዳታለሁ" አልኳት። "ሲወጓት ግን መያዝ አልችልም።"

"ከውኃው የተቀበልኳት እኔ አይደለሁ? እዚያም እኔው እይዛታለሁ።"

በማግስቱ ፎርድስበርግ ገበያ ያላትን የልብስ መደብ ለጎረቤቷ ትታ መጣች። ክሊኒክ ስንደርስ ለነርሷ በስልክ ያየሁትን ሁሉ ነገርኳት። አልሳቀችብኝም። ክትባት ልጅን እንደማያደነዝዝ፣ ኩፍኝ ግን ብርቱ በሽታ እንደሆነ በዝግታ አስረዳችኝ። "ትንሽ ታተኩስ ይሆናል፤ ያልፋል። ካላለፈ ግን አምጫት፣ ማማ" አለችኝ፣ እዚህ አገር እናትን እንደሚጠሩት።

አበልጄ ተቀመጠችና ልጄን በነጠላዋ አቀፈቻት፣ ልክ እንደ ክርስትናዋ ዕለት። ልጄ አንዴ ጮኸች። ቀና ብዬ ሳይ አበልጄም ታለቅሳለች።

"አንቺን ደግሞ ማን ወጋሽ?" አልኳት።

"ዝም በይ! ጥምቀቷ ዕለትም እንዲሁ ነው የጮኸችው።"

አመሻሹ ላይ ልጄ አተኮሰች። እጄ ወደ ስልኩ ሄደ፤ መለስኩት። ግንባሯን ዳሰስኩ፣ ጡቴን ሰጠኋት፣ ጠባች። ሲነጋ ትኩሳቷ በርዶ፣ ጣቷን እየበላች ትስቅ ነበር። የጎረቤታችንም ልጅ በዚያው ሰሞን ድኖ ተመለሰ። ተመስገን።

ያን ጠዋት ሥዕሉ ከአበልጄ ድምፅ ጋር መጣ።

"አበልጄ፣ ይቺን አይቻት ነው የላክኳት። ልጄ እንዴት አደረች?"

"እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደኅና አደረች" አልኳት።

ሥዕሉን ተሳለምኩ። ስልኩን ደፍቼ አስቀመጥኩና ልጄን በሁለት እጄ አቀፍኳት።